ከደጋው ጠዋት እስከ ቆላው ቀትር፦ ፓኔሎችን በሲሪስ አገናኝቶ ባትሪ መሙላት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ጣርማ በር አካባቢ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ትልልቅ የሶላር ፓኔሎች ሰቀልኩ። የእያንዳንዱ ፓኔል ጀርባ 49.5 ቮልት ይላል። የገዛነው የባትሪ መሙያ መቆጣጠሪያ (ኮንትሮለር) ደግሞ እስከ 100 ቮልት የሚችል ነው። ሁለቱ በሲሪስ ሲያያዙ 99 ቮልት ይሆናሉ፤ ከ100 በታች ነው ብዬ ልቤ ረጋ። ቀትር ላይ በመልቲሜትር ስለካው ጭራሽ 89 ብቻ አሳየኝ። ክረምቱ በሰላም አለፈ፣ መስቀልም አለፈ። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ጠዋት አባወራው ደወሉልኝ፦ "ልጄ፣ የሳጥኑ መብራት ጠፍቷል፤ ደግሞ ይሸታል" አሉኝ።

ኮንትሮለሩ ተቃጥሎ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የፓኔሎቹን ገመድ ከሁሉም ነገር ነጥዬ፣ መልቲሜትሬን ሰክቼ ከጣሪያው ሥር ቆምኩ። አካባቢው በጉም ተሸፍኗል። 3 ሰዓት ገደማ ጉሙ ድንገት ተገልጦ ፀሐይዋ ገና እንደቀዘቀዘ ባለው መስታወት ላይ ስታርፍ ቁጥሩ ከ97 ወደ 99፣ ከዚያም ወደ 101.8 ወጣ። ፓኔል ሲሞቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። ይህን በቃል አውቀው ነበር፤ ስሠራ ግን አላሰላሁትም። ስህተቱ የኔ ስለነበር ኮንትሮለሩን በራሴ ወጪ ተካሁላቸው።

በፓኔሉ ጀርባ የተጻፈው ቁጥር ሴሎቹ 25 ዲግሪ ላይ ሆነው፣ በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን እያረፈባቸው በፋብሪካ የተለካ ነው። እርስዎ ጣሪያ ላይ እንደዚያ ያለ ሰዓት በቀን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቢገኝ ነው። ስለዚህ ፓኔሎችን በሲሪስ ከማያያዝዎ በፊት በዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ የሆነውን ጠዋትና እጅግ ሞቃት የሆነውን ቀትር ማስላት አለብዎት። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

መጀመሪያ፦ የፓኔሉን ጀርባ ያንብቡ

ፓኔሉን ገልብጠው የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ ያንሱት። አንዴ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ማንም ተመልሶ አያየውም። ከወረቀቱ አራት ቁጥሮች ይፈልጋሉ። ቪኦሲ የሚባለው ፓኔሉ ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ የሚሰጠው ቮልት ነው። ቪኤምፒ ሙሉ ኃይሉን እየሰጠ ሲሠራ የሚኖረው ቮልት ነው። አይኤስሲ ሁለቱ ገመዶች ቢነካኩ የሚፈሰው አምፔር ሲሆን፣ አይኤምፒ ደግሞ በሥራ ላይ የሚሰጠው አምፔር ነው። ኮንትሮለርን የሚያቃጥለው ቪኦሲ ነው፤ ባትሪ የሚሞሉት ቪኤምፒና አይኤምፒ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሜ የምጠቀመው ምሳሌ ባለ 72 ሴል፣ 330 ዋት፣ ቪኦሲ 46፣ ቪኤምፒ 37.5፣ አይኤምፒ 8.8 የሆነ ፓኔል ነው። የእርስዎ ቁጥር ሌላ ከሆነ በእርስዎ ይተኩት።

ፓኔሎች በሲሪስ ሲያያዙ፣ ማለትም የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ሲገናኝ፣ ቮልቱ ይደመራል፤ አምፔሩ ግን የአንዱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በፓራለል ሲያያዙ ነገሩ ይገለበጣል፤ አምፔሩ ይደመራል፣ ቮልቱ ባለበት ይቆማል። ሁለቱ የምሳሌ ፓኔሎቻችን በሲሪስ 75 ቮልትና 8.8 አምፔር፣ በፓራለል 37.5 ቮልትና 17.6 አምፔር ይሰጣሉ። ዋቱ ያው 660 ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ይህ ኃይል በምን ዓይነት ኮንትሮለርና በምን ዓይነት ገመድ አልፎ ባትሪው ጋ እንደሚደርስ ላይ ነው።

የኮንትሮለሩን ዓይነት ይለዩ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሁለት ዓይነት ኮንትሮለር አለ። ርካሹ ፒደብሊውኤም ይባላል። ይህ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ፓኔሉን ቀጥታ ባትሪው ላይ ያገናኘዋል፣ ሲሞላ ያቋርጠዋል። ፓኔሉ ከባትሪው ጋር ሲገናኝ ቮልቱ ወደ ባትሪው ቮልት ይወርዳል፤ የተረፈው ቮልት ወደ አምፔር አይለወጥም፣ በከንቱ ይቀራል። ሁለተኛው ኤምፒፒቲ ነው። እሱ ከፍ ያለውን ቮልት ተቀብሎ ወደ ባትሪው ልክ ያወርደዋል፤ የወረደውን ያህል ደግሞ አምፔሩን ያሳድገዋል።

በሁለት ባለ 100 ዋት ፓኔል እንየው፤ እያንዳንዱ 18 ቮልትና 5.5 አምፔር ይሰጣል። ባትሪው ባለ 12 ነው፤ እየሞላ ስለሆነ 13 ቮልት ላይ አለ እንበል። በሲሪስ አያይዘው በፒደብሊውኤም ቢያሳልፉት ባትሪው የሚያገኘው 5.5 አምፔር ነው፤ በ13 ሲባዛ 71 ዋት ገደማ። ከ200 ዋት 71! አንዱን ፓኔል ነቅለው ቢሸጡት እንኳ ለውጥ አያዩም። እነዚያኑ ፓኔሎች በፓራለል ካደረጓቸው ያው ፒደብሊውኤም 11 አምፔር፣ 143 ዋት ያስገባል። በኤምፒፒቲ ከሆነ ግን በሲሪስም ቢሆን 14 አምፔር ተኩል ገደማ ይገባል።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። ፒደብሊውኤም ካለዎት ፓኔሎችን በሲሪስ አያያይዙ። ከዚህ የሚወጣው ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፦ ባትሪዎ ባለ 24 ሆኖ ፓኔሎችዎ ባለ 36 ሴል፣ ማለትም ለ12 ቮልት የተሠሩ ሲሆኑ። ያኔ ሁለት ሁለቱን በሲሪስ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ኮንትሮለሩም ያን ቮልት የሚችል መሆኑን ወረቀቱ ላይ ያረጋግጡ።

ገበያ ላይ "ኤምፒፒቲ" ተብሎ ተጽፎባቸው ውስጣቸው ፒደብሊውኤም የሆኑ ብዙ ናቸው። መለያው ቀላል ነው። ባትሪው ጎደል ብሎ፣ ፀሐይ ደምቃ ሳለ ከፓኔሉ የሚገባውን አምፔርና ወደ ባትሪው የሚወጣውን አምፔር ይለኩ። የፓኔሉ ቮልት ከባትሪው በብዙ ከፍ ብሎ፣ ወደ ባትሪው የሚወጣው አምፔር ከሚገባው ከበለጠ እውነተኛ ነው። ሁለቱ አምፔሮች እኩል ከሆኑና የፓኔሉ ቮልት ወደ ባትሪው ቮልት ከተጣበቀ ግን በኤምፒፒቲ ዋጋ ፒደብሊውኤም ተሸጦልዎታል። ከሻጩ ጋር ሲነጋገሩ "ለክቼ ካየሁ በኋላ እመልሰዋለሁ" ብለው ቢስማሙ ጥሩ ነው።

የቀዝቃዛው ጠዋት ስሌት

አብዛኞቹ ፓኔሎች ከ25 ዲግሪ በታች በእያንዳንዱ ዲግሪ ቪኦሲያቸው በ0.3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ትክክለኛው ቁጥር በፓኔሉ ዝርዝር ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ከሌለ 0.3 ይያዙ።

እኔ ደጋ ላይ ስሠራ ዝቅተኛውን ዜሮ ዲግሪ፣ ወይና ደጋ 5፣ ቆላ 15 አድርጌ አሰላለሁ። እንደ መሐል ሜዳና ጓሳ ባሉ ውርጭ በሚጥልባቸው ቦታዎች ከዜሮ በታች 5 እይዛለሁ። አየሩ እዚያ ድረስ የሚወርደው ሌሊት ነው፤ ፀሐይ በሌለበት ቢቀዘቅዝ ምን ይሆናል የሚል ካለ የጣርማ በሩን ጉም ያስታውስ። ደመና ወይም ጉም ሲከፈት ሙሉ ፀሐይ በቀዝቃዛ ፓኔል ላይ ትወርዳለች። በዚያ ሰዓት ባትሪው ሞልቶ ከሆነ ደግሞ ኮንትሮለሩ መሳብ ስለሚያቆም ቮልቱ እስከ ላይኛው ጫፉ ይወጣል።

ምሳሌያችንን ደብረ ብርሃን ላይ እናስላው። ከ25 እስከ ዜሮ 25 ዲግሪ ነው፤ በ0.3 ሲባዛ 7.5 በመቶ። ሁለት ፓኔል በሲሪስ 92 ቮልት ነው፤ 7.5 በመቶ ሲጨመርበት 98.9 ይሆናል። የ100 ቮልት ኮንትሮለር በወረቀት ላይ ይችለዋል። እኔ ግን አልሰቅለውም፤ የአንድ ቮልት ልዩነት መጠባበቂያ አይባልም። እዚህ 150 ቮልት የሚችል እገዛለሁ። እነዚያኑ ፓኔሎች መተማ ቢሰቅሏቸው 10 ዲግሪ በ0.3፣ 3 በመቶ ብቻ ነው፤ 94.8 ቮልት ስለሚሆን ባለ 100ው ይበቃዎታል። አንድ ዓይነት ዕቃ በአንዱ ቦታ ልክ ሆኖ በሌላው የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው፤ "ጎረቤቴ እንዲህ አድርጎ ሠርቶለታል" የሚለውም ከቆላ ወደ ደጋ አይሄድም።

ሦስት ፓኔል በሲሪስ ለማድረግ ቢያስቡ 138 ቮልት ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ 148 ያልፋል። ለባለ 150ው እንደገና አፋፍ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ አራት ፓኔል ገዝቶ ሁለት ሁለቱን በሲሪስ፣ ሁለቱን ጥንዶች ደግሞ በፓራለል ማድረግ ይሻላል፤ ቮልቱ 92 ላይ ቆሞ አምፔሩ ይታጠፋል።

አሁን በከተሞች እየተለመዱ የመጡት ሃይብሪድ ኢንቨርተሮች እስከ 500 ቮልት የሚቀበሉ አሉባቸው። ስሌቱ ያው ነው። 49.5 ቮልት የሆኑ 10 ፓኔሎች 495 ስለሆኑ "ይገባሉ" ይመስላል፤ ዜሮ ዲግሪ ላይ ግን 532 ናቸው። ዘጠኝ ሲሆኑ 479። በዚህ ቮልት ላይ ደግሞ የሚጠፋው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ሰው ይሞታል። ከ100 ቮልት በላይ የሆነን ሥራ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይስጡ፤ እርስዎ ስሌቱን ይዘው ይቆጣጠሩት።

የሞቃቱ ቀትር ስሌት

ሌላኛው ጫፍ ድምፅ የለውም፤ ምንም አይቃጠልም፣ ባትሪው ግን ቀስ በቀስ ያልቃል። ሰመራ ወይም መተማ ላይ አየሩ 40 ዲግሪ ሲሆን ቆርቆሮ ላይ የተጣበቀ ፓኔል ሴሎቹ 70 ዲግሪ ሊደርሱ ይችላሉ። ቪኤምፒ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ለ45 ዲግሪ 18 በመቶ ነው። 18 ቮልት የነበረው ባለ 36 ሴል ፓኔል 14.8 ይሆናል። ባትሪው ለመሙላት 14.4 ይፈልጋል፤ ገመዱና ኮንትሮለሩ የሚበሉት ሲቀነስ አይደርስም።

ከሁሉም የከፋው ባለ 60 ሴል ፓኔል ለብቻው ባለ 24 ባትሪ ላይ ሲሰቀል ነው። ቪኤምፒው 31 ስለሆነ ሻጩ "ከ24 ይበልጣል፣ ይሠራል" ይላል። ቆላ ላይ 25.4 ይሆናል፤ ባትሪው የሚፈልገው ግን 28.8 ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ሞልቶ አያውቅም፤ ግማሽ እንደሆነ ከርሞ በዓመት ከመንፈቅ ይሞታል፣ ጥፋቱም በባትሪው ይላከካል። መድኃኒቱ ሁለት ባለ 60 ፓኔሎችን በሲሪስ አድርጎ በኤምፒፒቲ ማሳለፍ ነው፤ በዚያ ሙቀት እንኳ 50 ቮልት ይተርፋቸዋል። ኤምፒፒቲ ለመነሣት የፓኔሉ ቮልት ከባትሪው ከፍ ማለት አለበት፤ አንዳንዶቹ 5 ቮልት ብልጫ ካላገኙ አይነሡም። ፓኔሉን ከቆርቆሮው አንድ ጋት ያህል ከፍ አድርጎ ማሰርም ነፋስ ከሥሩ ስለሚያልፍ ሙቀቱን ይቀንሳል።

ሴሎቹ ለሁለት የተከፈሉ፣ 120 ወይም 144 የሚቆጠሩ አዳዲስ ፓኔሎች ቮልታቸው እንደ 60ውና እንደ 72ቱ ነው።

አንድ ዓይነት፣ አንድ አቅጣጫ፣ ጥላ የሌለበት

በሲሪስ የተያያዙ ፓኔሎች አንድ አምፔር ይካፈላሉ፤ የደካማውን። 5.5 አምፔር የሚሰጥ ባለ 100 ዋት ከ2.8 አምፔሩ ባለ 50 ዋት ጋር ቢያያዝ ትልቁም በ2.8 ይሠራል። ስለዚህ በሲሪስ ሲሆን የአምፔሩ እኩልነት፣ በፓራለል ሲሆን የቮልቱ እኩልነት ነው የሚፈለገው። አንዱን በምሥራቅ ሌላውን በምዕራብ የጣሪያ ክንፍ ላይ ሰቅሎ በሲሪስ ማያያዝም ያው ስህተት ነው።

ጥላ ላይ ደግሞ ሰው ይሳሳታል፤ ትንሽ ጥላ ትንሽ ኃይል ብቻ የሚቀንስ ይመስለዋል። የዲሽ ጥላ አንድ ሴል ላይ ቢያርፍ የዚያ ሴል ረድፍ በሙሉ ይታለፋል፤ ፓኔሉ ጀርባ ካለችው ሳጥን ውስጥ ያሉት ባይፓስ ዳዮዶች ኃይሉን በጎን ያሳልፉታል። ባለ 72 ሴል ፓኔል ሦስት ዳዮድ ስላለው ሢሶው ጠፋ ማለት ነው። ባለ 24 ባትሪ ላይ ሁለት ባለ 36 ሴል ፓኔሎች በሲሪስ ከሆኑ የአንዱ ግማሽ ሲጠላ 36 የነበረው 27 ቮልት ይሆንና ባትሪው ሞልቶ አይጨርስም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባሕር ዛፍ ወይም ጎረቤት ፎቅ የሚያጠላበት ጣሪያ ካለዎት ፓኔሉን ወደ ግቢው ያውርዱት፤ ካልሆነ ፓራለል ይምረጡ።

በኢትዮጵያ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ቢል በቂ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ ስለዚህ አብዝቶ ማዘንበል ጉዳት ነው። ጭራሽ ጠፍጣፋ ካደረጉት ግን ዝናቡ አቧራውን አያጥበውም።

ገመዱ

ሲሪስ የሚያተርፈው እዚህ ነው። ከጣሪያው እስከ ባትሪው 20 ሜትር ነው እንበል፤ ደርሶ መልስ 40 ሜትር ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ። አራት ባለ 100 ዋት ፓኔሎች በፓራለል 22 አምፔር ሲልኩበት ገመዱ 85 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ አንዱን ፓኔል ገመዱ በላው ማለት ነው። እነዚያው አራቱ በሲሪስ 72 ቮልትና 5.5 አምፔር ሲልኩ የሚጠፋው 5 ዋት ብቻ ነው።

ገመድ ሲገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው ይዩት። ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ አይግዙት። ጣሪያ ላይ የሚውለው ፀሐይ የማይሰነጥቀው የሶላር ገመድ ይሁን።

መከላከያና የማገናኘት ቅደም ተከተል

የቤት መብራት ብሬከር ለሶላር መስመር አይሆንም። በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው የእሳት ቅስት ራሱ ይጠፋል። የፓኔል ኤሌክትሪክ ግን አያቋርጥም፤ ቅስቱ እየነደደ ብሬከሩን ያቀልጠዋል። በጎኑ ላይ ዲሲ ተብሎ ከሲሪሱ የቀዝቃዛ ጠዋት ቮልት የሚበልጥ ቁጥር የተጻፈበትን ይግዙ፤ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ምልክት ካለው እንደ ምልክቱ ያስገቡት።

በዚሁ ምክንያት የፓኔሎቹን ኤምሲ4 ማገናኛ ኃይል እያለፈበት አይንቀሉ። መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ። ጣሪያ ላይ ሲሠሩ ፓኔሎቹን በወፍራም ሸራ ወይም ብርድ ልብስ ይሸፍኗቸው፤ ማብሪያ ማጥፊያ የላቸውም፣ ብርሃን ካዩ ሥራ ላይ ናቸው። ሁለት ትልልቅ ፓኔሎች በሲሪስ ከ90 ቮልት በላይ ናቸው፤ በእርጥብ እጅ ይህ ቀልድ አይደለም።

ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ፊውዝ ይግባ፤ ለ30 አምፔር ኮንትሮለር 40 አምፔር ይበቃል። ባትሪ ሲነካካ ከፓኔል በብዙ እጥፍ የበለጠ አምፔር ይተፋል፣ ካቻቪቴ ያቀልጣል። በፓራለል የሚገቡት የሲሪስ መስመሮች ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ለእያንዳንዳቸውም ፊውዝ ያስፈልጋል። የፓኔሎቹን ፍሬም ወደ መሬት ያስሩ፤ በክረምት የደጋውን መብረቅ ያውቁታል።

ሁሉም ሲዘጋጅ የሲሪሱን ሁለት ጫፎች በመልቲሜትር ይለኩ። ቁጥሩ የፓኔሎቹ ድምር አካባቢ መሆን አለበት፤ ከቁጥሩ በፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገልብጧል። ከዚያ መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር ያገናኙ፤ ኮንትሮለሩ ባትሪው ባለ 12 ይሁን ባለ 24 የሚለየው በዚህ ነው። ቆይተው የፓኔሉን ብሬከር ያብሩ። ሲፈቱ በተቃራኒው ነው፤ ፓኔሉ ይቀድማል፣ ባትሪው መጨረሻ።

ባትሪውን በልኩ መመገብ

ኮንትሮለሩ ከፋብሪካ ሲመጣ የተሞላው ቁጥር ለእርስዎ ባትሪ ላይሆን ይችላል። ባለ 12 ባትሪን ልውሰድ፤ ባለ 24 ከሆነ በሁለት ያባዙት። ውሃ የሚጨመርበት የሊድ አሲድ ባትሪ እስከ 14.4–14.8 ቮልት ተሞልቶ ከዚያ በ13.5 አካባቢ ይጠበቃል። ጄል 14.1–14.2 ላይ መቆም አለበት፤ በ14.8 ከሞሉት ውስጡ ይደርቃል፣ ውሃ የሚጨመርበትም ቀዳዳ የለውም። ሊትየም የሚባለው ኤልኤፍፒ 14.2–14.4 ይበቃዋል፤ "ኢኳላይዝ" የሚለውን ያጥፉበት፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን ደግሞ አይሙሉት። የአምራቹ ወረቀት ካለ ከኔ ቁጥር ይልቅ እሱን ይከተሉ።

ለሊድ አሲድና ለጄል የሙቀት ማስተካከያ አለ። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ይቀነሳል፤ በቀዝቃዛ ያን ያህል ይጨመራል። ኮንትሮለሩ የሙቀት መለኪያ ገመድ ካለው ባትሪው ጎን ላይ ይለጥፉት። ለሊትየም ይህ ማስተካከያ ይጥፋ።

አምፔሩም ልክ አለው። 200 አምፔር አወር ለሆነ የሊድ አሲድ ባትሪ ከ20 እስከ 40 አምፔር መልካም ነው። ሁለቱ የምሳሌ ፓኔሎች ባለ 24 ባትሪ ላይ 24 አምፔር ገደማ ስለሚሰጡ ልኩ ናቸው።

24 ቮልት ለማግኘት ሁለት ባለ 12 ባትሪ በሲሪስ ካደረጉ ባንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ባየኋቸው ቤቶች በብዛት ያገኘሁት ጥፋት ከሁለቱ በአንዱ ላይ ብቻ ባለ 12 አምፖል ወይም የስልክ ቻርጀር መስካት ነው። ያኛው ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ኮንትሮለሩ ግን ድምሩን ብቻ ስለሚያይ ያልተበላውን ከልክ በላይ እየሞላ ያፈላዋል። ለ12 ቮልት ዕቃ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ ይግዙ። በየወሩ ሞልተው ሳሉ ሁለቱን ለየብቻ ይለኩ፤ ልዩነታቸው ከ0.3 ቮልት ካለፈ ነገር አለ።

ውሃው የጎደለ ባትሪ ላይ የተጣራ ውሃ እንጂ አሲድ አይጨመርም። ባትሪው ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ አልጋ ሥርና ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ። የሊድ አሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች አያውርዱት፤ ጭነት ሳይኖርበት ጥቂት ሰዓት አርፎ 12.2 ካሳየ ግማሽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐዩ ሲቀንስ ቴሌቪዥኑን ማሳጠር ከባትሪው ዕድሜ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፤ ለሳምንታት ሳይሞላ የከረመ የሊድ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት በመስከረም ፀሐይ አይለቅም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ደብተር ይያዙ። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የፓኔሉን ቮልት፣ የባትሪውን ቮልትና የሚገባውን አምፔር ይጻፉ። ባትሪው ጎድሎ ጥሩ ፀሐይ ካለ ቀትር ላይ ከተጻፈው ዋት ከ70 እስከ 80 በመቶ ይጠብቁ፤ ከ660ው 460–530 ማለት ነው። የፓኔሉ ቮልት በግማሽ ወርዶ ካገኙት አንዱ ፓኔል ጥላ ላይ ነው ወይም ታልፏል። ቮልቱ ሙሉ ሆኖ አምፔሩ ዜሮ ከሆነ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ፊውዝ ይዩ።

ብዙ ጊዜ የሚደወልልኝ ግን "ቀን 7 ሰዓት ፀሐይ እያለ አምፔሩ ሁለት ብቻ ሆነ፣ ሶላሩ ደከመ" ተብሎ ነው። ከመጨነቅዎ በፊት የባትሪውን ቮልት ይዩ። 28.8 ላይ ከሆነ ባትሪው ሊሞላ ደርሶ የሚፈልገው ጥቂት ስለሆነ ነው። ፍሪጁን ወይም ሁለት ሦስት አምፖል ያብሩ፤ አምፔሩ ወዲያው ከፍ ካለ ሁሉም ደህና ነው።

ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ አንድ ብርዳም፣ ጥርት ያለ ጠዋት ይምረጡ። የፓኔሉን ብሬከር አጥፍተው የሲሪሱን ቮልት ይለኩና በኮንትሮለሩ ሳጥን ክዳን ላይ በማርከር ከነቀኑ ይጻፉት። የጣርማ በሩ ቤት ክዳን ላይ 101.8 ይላል፤ ከሥሩ ያለው አዲሱ ኮንትሮለር ባለ 150 ነው።